ከጎንደር ዙሪያ ባዶ የቀሩ የቤተ እስራኤል መንደሮችን እንዴት እንደፈለግኩ

የቤተ እስራኤል፣ ማለትም የኢትዮጵያ አይሁዶች፣ መንደር የነበረችውን ወለቃን ብዙ ሰው ያውቃታል። ከጎንደር ወደ ደባርቅ ሲወጣ መንገድ ዳር ስለሆነች እንግዳ ይቆምባታል፣ ሸክላ ይገዛል። እኔን የከነከነኝ መኪና የማይደርስባቸው መንደሮች ጉዳይ ነው። ሰዎቻቸው ገሚሱ በ1977 አካባቢ በእግር በሱዳን በኩል ወጡ፤ በዚያ ጉዞ 4,000 ያህል ሰው እንዳለቀ ይነገራል። በግንቦት 1983 ደግሞ ከ14,000 በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰደ። መንደሮቹን የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች እያለፉ ነው።

መጀመሪያ ወረቀት ፈለግኩ፤ ብዙም የለም። በ15ኛው መቶ ዘመን፣ በአፄ ይስሐቅ ጊዜ፣ ርስታቸውን እንደተነጠቁ በትውፊት ይነገራል። ከዚያ ወዲህ አብዛኞቹ የሰው መሬት እያረሱ፣ ወንዱ ብረት እየቀጠቀጠና እየሸመነ፣ ሴቷ ሸክላ እየሠራች ኖሩ። ርስት የሌለው ሰው ደግሞ በርስት ክርክር ወረቀት ላይ ስሙ አይነሳም።

ስለዚህ ወደ ገበሬዎቹ ሄድኩ። «ታሪካቸውን ንገሩኝ» ስል ሁሉም ዝም ይላል። «ማረሻችሁን ማን ነበር የሚሠራላችሁ? እንስራ ከማን ትገዙ ነበር?» ስል ግን ተነስተው ይመሩኛል። የሚወስዱኝ ሁልጊዜ ወደ ውሃ ዳር ነው፤ የመንጻት ሥርዓታቸው ጥብቅ ስለነበር ከወንዝ አይርቁም ነበር። እዚያ ከምድጃ የተረፈ ጥቁር የብረት ዝቃጭ አያለሁ። ራቅ ብሎ በክብ የተደረደረ ድንጋይ ካለ፣ ሴቶች በወር አበባቸው ጊዜ የሚቆዩበት የመርገም ጎጆ ወሰን ነው።

ከቦታው ሆኜ እስራኤል ላሉ የመንደሩ ሰዎች በቪዲዮ እደውላለሁ። አንዲት እናት «ልጄ፣ ስልኩን ወደ ቁልቁለቱ አዙርልኝ» አሉና ቤቱን ሁሉ ከላይ እስከ ታች በባለቤቱ ስም ጠሩልኝ። አጠገቤ የነበሩት አዛውንት ድምፃቸውን ሰምተው «የማን ልጅ ነሽ?» አሏቸው። የአባታቸውን ስም ሲሰሙ «ማጭዴን የሚስልልኝ!» ብለው ጮኹ። ከዚያ ወዲያ እኔን የሚያስታውሰኝ አልነበረም። የቀረውም የሄደውም የሚያውቀው ግማሽ ግማሹን ነው፤ በአንድ ጊዜ ሲነጋገሩ ግን አንዱ የሌላውን ይሞላል፣ ያርማል።

በጎረቤት ፊት የማልጠይቀው ነገር አለ። ቀጥቃጩን «ቡዳ» እያሉ ማራቅ የቆየ በደል ነው። ይህን ለብቻ፣ እነሱ ካነሱት ብቻ እሰማለሁ። ካነሱት ደግሞ ሳላለሳልስ እጽፈዋለሁ። ያን ሁሉ መንገድ በእግር ያስኬዳቸው ከሁሉ በፊት የኢየሩሳሌም ናፍቆት ነው፤ በደሉ ግን ከታሪኩ መውጣት የለበትም። ጉርብትናውን ብቻ የሚያወድስ ጽሑፍ ለሄዱት ሰዎች ታማኝ አይደለም።

የመቃብር ቦታ ፎቶ ቤተሰብ ካልፈቀደ አላወጣም፣ በካርታም ላይ አላመለክትም። ወላጆቻችሁ ከዚያ አካባቢ ከሆኑ ዛሬውኑ ደውሉና ከወንዙ ጀምራችሁ ጠይቋቸው፤ ከእናንተ በላይ ማን ነበር፣ ከእናንተ በታችስ?