ክንዱ ላይ የተለጠፈች አንድ ብር

ፒያሳ አካባቢ ካሉት ጥቂት የሬዲዮና የአምፕሊፋየር ጥገና ቤቶች ወደ አንዱ ጥቅምት ላይ የገባው ሸክላ ማጫወቻ የፋብሪካ ጠረኑ እንኳ አልለቀቀውም ነበር። ኦዲዮ ቴክኒካ ኤልፒ120ኤክስ፣ ወንድም ከአሜሪካ የላከው። የባለቤቱ አቤቱታ አጭር ነው፦ «ጋሼ፣ ድምፁ ይሻክራል፣ ደግሞ ይዘላል። ፌክ ይሆን እንዴ?»

ባለሙያው ክዳኑን ሲያነሳ መጀመሪያ ያየው መርፌውን በሚሸከመው የማጫወቻው ክንድ ጫፍ ላይ በፕላስተር የተለጠፈች የአንድ ብር ሳንቲም ነው።

«ይቺስ?»

«እንዳይዘል ብዬ ነው ጋሼ።»

ሳንቲሟ ሚዛን ላይ ከ6 ግራም በላይ ሆነች። ከማጫወቻው ጋር የሚመጣው ቪኤም95ኢ የተባለው ካርትሪጅ (ክንዱ ጫፍ ላይ ያለው የመርፌው መያዣ) የሚፈልገው ግን 2 ግራም ነው፤ ከ1.8 መውረድ፣ ከ2.2 መውጣት የለበትም። በሳንቲሟ ምክንያት መርፌው ከ8 ግራም በላይ ተሸክሞ ሲዞር ከርሟል ማለት ነው። የአልማዟን ጫፍ የያዘችው ዘንግ ከስፌት መርፌ የማትወፍር የአልሙኒየም ቱቦ ናት፤ ከበስተኋላዋ ትንሽ ጎማ ደግፏታል። ክብደት ሲበዛባት ወደ ላይ ትተኛለች፣ የካርትሪጁ ሆድ ሸክላውን ሊነካ ይደርሳል፣ ድምፁ የተቀረጸበት የሸክላው ቦይ ግድግዳም ይፋቃል። የተፋቀ ቦይ ደግሞ በምንም አይመለስም።

መጀመሪያውኑ ለምን ዘለለ? መልሱ በሌንስ ሲታይ ወጣ። ጫፉ ላይ ጥቁር ቡናማ የአቧራ ጉንጉን ተጣብቋል፤ በብሩሽ ሲነካ አልረግፍም አለ፣ ሙጫ ሆኗል። ማጫወቻው የት እንደሚቀመጥ ሲጠየቅ ነገሩ ግልጽ ሆነ፦ ሳሎን፣ ቡፌው ላይ፣ ቡና ከሚፈላበት ጎን። የዕጣን ጭስ ሙጫነት አለው፤ ክዳኑ ተከፍቶ በዋለ ሸክላ ላይ ያርፋል፣ አቧራውን ይይዛል፣ መርፌው ደግሞ ያንን ከቦይው እየጠረገ ጫፉ ላይ ያከማቻል። በአቧራ ጉንጉን ላይ የቆመ መርፌ ቦይው ውስጥ አይገባም፤ ላዩን ይንሸራተታል። ሰዉ ይህን ሲያይ የሚመጣለት ክብደት መጨመር ነው፣ እዚህም የሆነው ይኸው ነው።

መርፌ የሚጠረገው ሸክላው የሚዞርበት ሳህን ቆሞ፣ ድምፁ ተዘግቶ ነው። አጭር ጸጉር ያለው ብሩሽ ከክንዱ ግርጌ ወደ ፊት፣ ማለትም ከኋላ ወደ ራስ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ይጎተታል። ወደ ጎን ወይም ከፊት ወደ ኋላ ከተገፋ ዘንጓ ትታጠፋለች። ጥጥ ክሩ ይያዝና አብሮ ይነቅላታል፣ ጣት ደግሞ ቅባት ይተዋል። እንዲህ ሙጫ የያዘ ሲሆን ብቻ ብሩሹ ጫፍ ላይ አንድ ጠብታ 99 ከመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል ይደረጋል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ወደ ጎማውና ወደ ማጣበቂያው ይሰርጋል። አልኮሉ እስኪተን ሸክላ ላይ አይቀመጥም።

ክብደቱ እንደገና ተስተካከለ። አንቲ ስኬቲንጉ፣ ማለትም ክንዱ ወደ መሀል እንዳይሳብ የሚይዘው ማስተካከያ፣ ዜሮ ላይ ይደረጋል፣ የኋላው ክብደት ክንዱ አየር ላይ አግድም ቀጥ ብሎ እስኪንሳፈፍ ይዞራል። ከዚያ ክብደቱ ሳይነቃነቅ ቁጥር ያለበት ቀለበት ብቻውን ወደ 0 ይመጣል፤ ቀጥሎ ሁለቱ አብረው እስከ 2 ይዞራሉ፣ አንቲ ስኬቲንጉም 2 ላይ ይቀመጣል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀለበቱን ለብቻው ወደ 2 አዙሮ ክብደት የጨመረ ሲመስለው ነው። ክብደቱ ከመጠን ሲቀልም ጉዳት አለው፤ መርፌው ቦይው ውስጥ እየተንገጫገጨ ግድግዳውን ይመታል። ዝላዩን ያባባሰው ሌላም ነገር ነበር፦ ስፒከሮቹ እዚያው ቡፌ ላይ ናቸው፣ ንዝረታቸው መርፌው ጋ ይደርሳል። ስፒከር ወደ ሌላ ጠረጴዛ፣ ማጫወቻው በውሃ ልክ ተለክቶ ለብቻው።

ሸክላዎቹ በፌስታል መጥተዋል፤ አብዛኞቹ የአባቱ ባለ 45 ዙር (በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩ) ናቸው፣ አምሃ ሪከርድስ የተባለው ሸክላ አሳታሚ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ያወጣቸው ዓይነት። ልጁ በላርጎና በቧንቧ ውሃ አጥቦ ፀሐይ ላይ አስጥቷቸዋል። አንዱ ተጣሟል፤ ሌሎቹ ላይ ውሃው ሲደርቅ የተወው ነጭ ነጠብጣብ ይታያል። ሽቶና ቀለም ያለው ሳሙና ካልታጠበ ቦይ ውስጥ ይቀራል። ሳኒታይዘርም እንደዚሁ ነው፣ ግሊሰሪን ይተዋል። ቲነር ደግሞ ፕላስቲኩን ያበላሻል።

በትክክል የታጠቡት እንዲህ ነው፦ 800 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ፣ 200 ሚሊ ሊትር አይሶፕሮፒል፣ ሽታ የሌለው ፈሳሽ ሳሙና ሁለት ጠብታ። የተጣራ ውሃ ሲባል የመኪና ባትሪ የሚሞላበት ነው፤ ሶማሌ ተራ ሲገዛ ግን አሲድ አለመሆኑን ጠይቆና ጽሑፉን አንብቦ መውሰድ ያስፈልጋል። ለስላሳ ማይክሮፋይበር ነክሮ ቦይውን ተከትሎ ክብ መዞር እንጂ ቦይውን ማቋረጥ የለም። መሀሉ ያለው ወረቀት አይነካም። ቀጥሎ በንጹሕ የተጣራ ውሃ ብቻ ይለቀለቃል፣ ጥላ ሥር በጠርዙ ቆሞ ይደርቃል፣ ወደ ንጹሕ የውስጥ ፖስታ ይገባል። ወደ ድሮው ፖስታ ከተመለሰ አቧራው ጠብቆት ነበር ማለት ነው። ይህ መታጠብ ለአሮጌ ሸክላ አንዴ ይበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ከእያንዳንዱ ማጫወት በፊት የካርቦን ክር ባለው ብሩሽ ሁለት ሦስት ዙር መጥረግ ነው።

ከታጠቡ በኋላ የአብዛኞቹ መንጣጣት ቀነሰ። ሁለቱ ግን ትራምፔቱ ከፍ ባለ ቁጥር መሻከራቸውን አልተዉም። ቆሻሻ በየቦታው ይንጣጣል፤ ያለቀ ቦይ ግን ድምፅ በጎላ ጊዜ ሁሉ እዚያው ቦታ ላይ ይሻክራል። የሳንቲሟ ሥራ ይሁን የአባቱ ዘመን ከባድ መርፌ፣ መለየት አይቻልም። «የመጡበትን ብዙ አትመርምር» አለው ባለሙያው፣ «ከዛሬ ወዲያ የሚመጣውን ጠብቅ።»

ፌስታሉ ሥር አንድ ከባድ ሸክላም ተገኘ፣ የአያቱ ባለ 78 ዙር። ይህ ከፕላስቲክ ሳይሆን ሼላክ ከሚባል ሙጫ የተሠራ ነው፤ አልኮል ያሟሟዋል፣ ስለዚህ አልኮል ወዳለበት ውሃ አልገባም፣ በብሩሽ ብቻ ተጠረገ። በቪኤም95ኢም አይጫወትም፤ የ78 ዙር ቦይ በጣም ሰፊ ስለሆነ ቀጭኑ ጫፍ ወለሉ ላይ ይንከባለላል።

የተጫነው መርፌ ዘንግ ትንሽ ዘመም ብሎ ስለተገኘ እንዲቀየር ተወሰነ። ደግነቱ የቪኤም95 ቤተሰብ መርፌዎች ሁሉ እዚያው ካርትሪጅ ላይ ይገባሉ፤ አሮጌው በእጅ ይሳባል፣ አዲሱ ቀጭ ብሎ ይቀመጣል፣ ብሎን አይፈታም። ለወንድሙ የተላከው ትእዛዝ ሁለት ሆነ፦ ለ45ቶቹ ቪኤም95ሲ፣ ጫፉ ክብ ስለሆነ ለአቀማመጥ ስሕተት ይቅር ባይ ነው፣ ፋብሪካው የሚለው ዕድሜ 500 ሰዓት ሲሆን የ95ኢ 300 ነው፤ ለአያቱ ሸክላ ደግሞ ቪኤም95ኤስፒ፣ 5 ግራም የሚጫንበት። መርፌው በተቀየረ ቁጥር ክንዱ ከዜሮ ጀምሮ እንደገና ይመዘናል። ክፍያው የመጥረጊያና የማስተካከያ ብቻ ነበር፤ ሳንቲሟም ከደረሰኙ ጋር ተመለሰችለት።