የራሴን ላፕቶፕ ባዮስ መክፈት፦ ሦስተኛ ሳምንት

ጅማ ሂርማታ ካለ አንድ ጥገና ቤት ያገለገለ የዋይፋይ ካርድ ገዝቼ ላፕቶፔ ላይ ሰካሁ። ማሽኑ ሲነሳ «ያልተፈቀደ ካርድ» ብሎ ቀጥ አለ። ካርዱ ደህና ነው፣ ጓደኛዬ ማሽን ላይ ይሠራል። ለካስ አምራቹ ባዮሱ ውስጥ፣ ማለትም ማሽኑ ሲነሳ መጀመሪያ የሚሠራው ፕሮግራም ውስጥ፣ የሚቀበላቸውን ካርዶች ዝርዝር አስቀምጧል። ከዝርዝሩ ውጭ የሆነውን አያስነሳም።

ማሽኑን በገንዘቤ ገዝቼዋለሁ። ውስጡ ያለውን ፕሮግራም ልንካው ወይ? ብዙዎቻችን ይህን ሳንጠይቅ ነው የምንገባው። እኔ በአዋጁ ልጀምር አልኩ።

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ አንቀጽ 14ን አንብቡት። የፕሮግራም ቅጂ ሕጋዊ ባለቤት ደራሲውን ሳያስፈቅድ አንድ ቅጂ ማባዛት ወይም ፕሮግራሙን ማስማማት ይችላል። ግን ለሁለት ነገር ብቻ ነው። አንደኛው፣ ፕሮግራሙን በተገኘበት ዓላማና መጠን ኮምፒውተር ላይ ለመጠቀም ካስፈለገ። ሁለተኛው፣ ቢጠፋ ወይም ቢበላሽ መተኪያ እንዲሆን። ስለዚህ ባክአፕ መያዙ ምንም ጥያቄ የለውም። ዝርዝሩን ማስተካከሉም፣ እኔ እንደማነበው፣ «ለመጠቀም ካስፈለገ» ውስጥ ይገባል። ፈታትቶ ማጥናት ግን አንቀጹ ላይ በስሙ አልተጻፈም። አውሮፓ ላይ ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፕሮግራሞችን እርስ በርስ ለማናበብ ከሆነ በግልጽ ተፈቅዷል። በ2021 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ሕጋዊ ገዢ ስህተት ለማረምም መፍታት ይችላል ብሏል። የእኛም እንዲህ ቁልጭ ብሎ ቢጻፍ ስንቱ ጠጋኝ ከስጋት ይገላገል ነበር!

ወደ ሥራው ልግባ። ባትሪውንም ቻርጀሩንም ነቅዬ የቺፕ ማንበቢያውን ክሊፕ ባዮሱ ያለባት ስምንት እግር ያላት ቺፕ ላይ አስነከስኩ። ማንበቢያውን የሰካሁት ባትሪ ያለው ሌላ ላፕቶፕ ላይ ነው፤ የጅማ መብራት በክረምት አይታመንም። መጀመሪያ ያነበብኳቸው ሁለት ፋይሎች አልተመሳሰሉም። ክሊፑ ትንሽ ዘሞ ኖሯል። አቃንቼ ሦስት ጊዜ አነበብኩ፣ ሦስቱም አንድ ሆኑ። ይቺን ነገር በፍጹም አትዝለሏት።

ከዚያ ካርዱን የሚፈትሸውን የባዮሱን ክፍል (ሞጁል) አውጥቼ በጊድራ ከፈትኩት። ጊድራ የአሜሪካ ብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲ በ2019 እ.ኤ.አ. በነጻ የለቀቀው፣ ፕሮግራም ፈታትቶ ማጥኛ ፕሮግራም ነው። የአሮጌውን ካርድ መለያ ቁጥር ብፈልግ ብፈልግ የለም። የካርዱ ሠሪ የኢንቴል ቁጥር 8086 ነው፤ ፋይሉ ውስጥ ግን ባይቶቹ ተገልብጠው 86 80 ሆነው ነው የተቀመጡት። ይህ እስኪገባኝ ሁለት ማታ ፈጀብኝ። ከገባኝ በኋላ የአሮጌውን ካርድ ቁጥር በአዲሱ ተካሁና መልሼ ጻፍኩ። ማሽኑ አሮጌ ስለሆነ ባዮሱ አለመነካቱን የሚያረጋግጠውን የአምራቹን ዲጂታል ፊርማ አይፈትሽም። ተነሳ፣ ዋይፋዩም ሠራ! ከደስታዬ ብዛት እህቴን ከእንቅልፏ ቀሰቀስኳት።

አንድ ወዳጄ ወዲያው «ፋይሉን ላክልኝ» አለኝ። አልላክሁም። ፕሮግራሙ የአምራቹ ነው፤ አንቀጹ የፈቀደልኝ ለራሴ ማሽን እንጂ እንዳድለው አይደለም። ቅዳሜ ክሊፑን ይዤ ቤቱ እሄዳለሁ። የእሱን ከራሱ ቺፕ ላይ እናነባለን።