ስምንት ሲለኝ አራት ብዬ ጻፍኩ

ለገጣፎ መንገድ ዳር ያለ ብየዳ ቤት ውስጥ ትዕዛዝ ተቀባይ ነኝ። በር፣ መስኮት፣ የውሃ ታንከር ማስቀመጫ እንሠራለን። አምና አውስትራሊያ፣ ሜልቦርን ያደገ አንድ ልጅ ደወለ። ሰንዳፋ አካባቢ ለልጆች ሜዳ እያዘጋጀ ነው። "ለፉትቦል ነው። በሁለቱም በኩል ጎል፣ ስምንት ቋሚ" አለኝ።

ስምንት? ሳቄ መጣ። አማርኛው ሰበር ይላል፣ ቁጥሩ ተምታቶበት ነው አልኩ። ለሁለት ጎል አራት ቋሚና ሁለት አግዳሚ እንደሚበቃ እኔ ላጣው? ከወንድሞቼ ጋር እየጮህኩ ያደግኩ የአርሴናል ደጋፊ ነኝ። ልኩንም ሳልጠይቀው ራሴ ሞላሁት፤ ወርዱ 7.32፣ ከፍታው 2.44 ሜትር።

ልጁ ሊረከብ መጣ። ነጭ የተቀባውን አግዳሚ በእጁ ዳበስ አደረገና "ይሄ ምንድነው?" አለ።

"አግዳሚ ነዋ!"

"የኛ አግዳሚ የለውም።"

የብየዳ ቤቱ ባለቤት ጋሼ የሻይ ብርጭቆአቸውን አስቀመጡ። "ታዲያ ኳሱ በላይ ሲያልፍስ?"

"ሲያልፍም ጎል ነው።"

ቾክ ተቀብሎ ሲሚንቶው ላይ ሣለልን። በአንድ መስመር አራት ቋሚ። የመሀሎቹ ሁለቱ ቁመታቸው ከ6 ሜትር አያንስም፣ የዳሮቹ ከ3። በየመሀላቸው 6.4 ሜትር። በመሀል በእግር ተመትቶ ካለፈ 6 ነጥብ፣ በጎን ካለፈ 1። ኳሷ ሞላላ፣ ሜዳውም ሞላላ፣ ተጫዋቹ በአንድ ወገን 18። ኳሷን በእጅ ይዞ መሮጥም ይቻላል።

"በእጅ ተይዞ ምኑን እግር ኳስ ሆነ?" አለ ረዳቱ ልጅ። እኔም ልለው የነበረው እሱኑ ነው።

"የኛ ሕግ የተጻፈው በ1859 ነው፤ እንግሊዞች የእናንተን የጻፉት በ1863" አለ ፈገግ ብሎ። በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑ ነው። ወይ ጉድ! አራት ዓመት ይቀድመናል።

ማታ ቤቴ ገብቼ ስጎረጉር አመሸሁ። ሜልቦርን "ፉቲ" ሲባል የዚህ ልጅ ጨዋታ፣ የአውስትራሊያ እግር ኳስ ነው፤ እዚያው አገር ሲድኒ ላይ ግን ያው ቃል ራግቢ ሊግ ይሆናል። አየርላንድ ውስጥ ብዙ ቦታ ፉትቦል ማለት የራሳቸው የጌሊክ ጨዋታ ነው። አሜሪካኖች ዘንድ የራስ ቁር የሚደረግበት። ይባስ ብሎ የኛው ኳስ የሚጠራበት "ሶከር" የአሜሪካ ቃል ይመስለኝ ነበር። የእንግሊዝ ተማሪዎች "አሶሲዬሽን" የሚለውን ቆርጠው ያወጡት ነው። እኛ ሰፈር "ዛሬ ኳስ አለ" ከተባለ የቱ ኳስ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ኳስ የማላውቅ ብሆን ኖሮ ዝም ብዬ ስምንት ብዬ እጽፍ ነበር።

ጠዋት ጋሼ ሜትራቸውን ይዘው ብረቱን ዞሩት። አግዳሚው የ6 ሜትር ቱቦ ላይ 1.32 ተበይዶበት የተሠራ ነው። 1.32ቱ ሲቀበር 6ቱ ከመሬት በላይ ይቀራል፤ ሁለቱ አግዳሚዎች ሁለት ረጃጅም ቋሚ ወጣቸው። አራቱ ቋሚዎች በቁርጥራጭ ተቀጥለው የዳር ቋሚ ሆኑ። የጎደለው ሁለት ረጅም ብቻ ነው።

"የሁለቱ ዋጋ ካንቺ ደሞዝ ነው" አሉኝ። ቀጥለው ደብተሩን ሳቡና አራቴን ሰርዘው በራሳቸው እጅ "ስምንት" ብለው ጻፉ።