ልጄን አደራ ብዬው ነበር

ይህን የምጽፈው ስለት ስላለብኝ ነው። «ልጄን ካተረፍክልኝ ለሰው እናገራለሁ» ብዬ ነበር። አተረፈልኝ፤ ይኸው እናገራለሁ።

ፍኖተ ሰላም ባጃጅ ነው የምሠራው። ሳሉ የጀመረኝ በጥቅምት ብርድ ነው፣ ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። እናቴ ምች ነው ብላ ዳማከሴ ጨመቀችልኝ፣ ማርና ነጭ ሽንኩርትም አበላችኝ። አንድ ፋርማሲ ሽሮፕ ሸጠልኝ። ሳሉ ግን ንቅንቅ ሳይል ኅዳር ሚካኤል ደረሰ። ቅዳሴ ላይ ቆሜ ሲያጣድፈኝ ነጠላዬን አፌ ላይ ያዝኩ። ሳነሣው ደም አለበት። ብዙ አይደለም፤ አክታው መሃል እንደ ቀይ ክር ተጋድሟል። አጠገቤ የቆመው ሰው እንዳያይ ወደ ውስጥ አጠፍኩት።

ወዲያው የመጣችብኝ ልጄ ናት። ሦስት ዓመቷ ነው፣ ደረቴ ላይ ካልተኛች እንቅልፍ አይወስዳትም። «አምላከ ሚካኤል፣ የኔን እንደፈቀድክ፤ እሷን ግን አደራ፣ ካተረፍክልኝ ለሰው እናገራለሁ» አልኩ። ሌላ ጸሎት አልመጣልኝም።

ከቅዳሴ በኋላ ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። ጠበል ግባ የሚሉኝ መስሎኝ ነበር። ነጠላውን ገልጠው አዩትና «ጠበሉ ግሽ ዓባይ አለ፣ የትም አይሄድብህም። ይሄን ግን ዛሬውኑ ታየው» አሉኝ።

ጤና ጣቢያ ሲስተሯ በጥያቄ አጣደፈችኝ። ደሙ ከሳል ጋር ነው ከትውከት? አፍንጫህን ነስሮህ ነበር? ድድህ ይደማል? ሌሊት ያልብሃል? ከስተሃል? ታጨሳለህ? ልብህን ያምሃል? ይሄ ሁሉ ለምንድነው ስላት፣ ደም ያለበት አክታ ከብሮንካይትም፣ ከሳንባ ምችም፣ ከቲቢም፣ ከልብም፣ ሳንባ ውስጥ ከረጋ ደምም፣ ከካንሰርም ሊመጣ ይችላል፣ በዓይን አይለይም አለችኝ። ሳል ብቻውን እንኳ ሁለት ሳምንት ከቆየ መታየት አለበት። ደሙ ከጥቂት የሻይ ማንኪያ ካለፈ ወይ ትንፋሽ ካጠረህ፣ ደረትህን ከወጋህ፣ ራስህን ካዞረህ ግን ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ሩጥ፣ እንዳትተኛበት አለች።

ከዚያ ክዳን ያላት ትንሽ ዕቃ ሰጥታ ከሕንጻው ጀርባ ሜዳ ላይ ላከችኝ። «ምራቅ አልፈልግም፣ ከውስጥ ስበህ አውጣው» ብላ በሩቁ ቆማ ትጠብቀኛለች። አክታው ጂን ኤክስፐርት የሚሉት ማሽን ውስጥ ገባ። ቲቢ ነው። ደግነቱ መድኃኒቱን ያልተላመደው ዓይነት።

ስለ ራሴ ብዙም አልደነገጥኩም። ልጅቷን አምጣ ስባል ግን ጉልበቴ ከዳኝ። መረመሯት፣ ክብደቷን ለኩ፣ ሳል አላት ወይ፣ ትኩሳት አላት ወይ እያሉ እናቷን ጠየቁ። በሽታው የለባትም! ከአምስት ዓመት በታች ስለሆነች እንዳይዛት ብለው መከላከያ መድኃኒት ጀመሩላት። እዚያው ግቢ ውስጥ ተንበረከክሁ፣ ሰው ቢያየኝም ግድ አልሰጠኝም። በየሌሊቱ አፌ ሥር የምትተኛ ልጅ ናት እኮ!

ሕክምናው 6 ወር ነው፣ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ። መጀመሪያ 2 ወር አራት ዓይነት መድኃኒት፣ ከዚያ 4 ወር ሁለት ዓይነት። ሽንትህ ይቀላል ብለውኛል፤ ያም ሆኖ በማግስቱ ሳየው «ማርያም ድረሺ» ብዬ ጮህኩ። እናቴ እስካሁን ትስቅብኛለች።

ለጥር 13፣ ለአቡነ ዘርዐ ብሩክ፣ ግሽ ዓባይ ወረድኩ። በሰዓቱ መድኃኒቱ እየሠራ ነው፣ ሳሉም ለቆኛል። ክኒን ከጠበል ጋር አይሄድም የሚሉኝ ሰዎች ነበሩ። እኔ አልሰማኋቸውም፤ ክኒኑም በባዶ ሆድ ነው፣ ጠበሉም በባዶ ሆድ፣ በጠበሉ ዋጥኩት። ቀለል ሲለው መድኃኒቱን ያቋረጠ ሰው በሽታው መድኃኒቱን ለምዶ ሊመለስበት ይችላል፤ ይሄን ሲስተሯ ሳትነግረኝ የዋለችበት ቀን የለም። ጨረስኩ፣ አክታዬም ነፃ ነው ተባለ። ክብር ለመድኃኔዓለም!

እዚያው ጠበል ቦታ አንድ ልጅ እግር አገኘሁ። ደም ይተፋል፣ ዳገት ሲወጣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። እሱም እንደኔ ቲቢ ነው ብዬ እንዲመረመር ወተወትኩት። ሄደ፤ ቲቢ አልተገኘበትም። ባሕር ዳር ልከውት ልቡ በአልትራሳውንድ ሲታይ በልጅነቱ በጉሮሮና በመገጣጠሚያ ሕመም የተነሣ የልቡ በር ጠብቧል። አሁን በየወሩ መርፌ ይወጋል፣ ክትትል ላይ ነው፣ ይደውልልኛል። የሱን ምስክርነት እሱ ይጻፈው።