ቦታውን ሳላይ ፒኑን አልገዛም

ከብሔራዊ ፓርኮችና ከታሪካዊ ቦታዎች የመታሰቢያ ፒን መሰብሰብ የጀመርኩት ሜሪላንድ ከገባሁ በኋላ ነው። ፒን የምለው ኮት ወይም ባርኔጣ ላይ የሚሰካውን፣ የቦታው ስምና ሥዕል ያለበትን ትንሽ የብረት ጌጥ ነው። ዛሬ ሳሎናችን ውስጥ አንድ ትልቅ ሰሌዳ ሞልቷል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ቡናው እስኪፈላ ድረስ ሰሌዳው ፊት ቆሞ አንዱን ፒን እያሳየ ይጠይቀኛል፤ እኔም መልስ ሳላጣ ደስ ብሎኝ እተርካለሁ።

የአሜሪካ የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ከ400 በላይ ቦታዎችን ያስተዳድራል። ከእነዚህ ውስጥ «ብሔራዊ ፓርክ» የሚለውን ስም የያዙት 63ቱ ብቻ ናቸው። ብዙ ፒን ሰብሳቢዎች የሚሮጡት እነዚህን 63 ለመጨረስ ነው። የሎውስቶንን፣ ግራንድ ካንየንን፣ ዮሰማይትን ማየት የማይመኝ የለም፤ እኔም እመኛለሁ። ነገር ግን ልቤን የያዙት ከቤት በመኪና የሚደረስባቸው፣ ሰው የታገለባቸውና የተሠዋባቸው ታሪካዊ ቦታዎች ናቸው።

ይህን መንገድ ያሳየኝ ሃርፐርስ ፌሪ ነው። ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ የፖቶማክና የሸናንዶዋ ወንዞች የሚገናኙበት ትንሽ ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1859 ጆን ብራውን ባርነትን በጦር መሣሪያ ለማጥፋት ተነሥቶ፣ ከ21 ተከታዮቹ ጋር የመንግሥትን የጦር መሣሪያ ማምረቻ የያዘው እዚህ ነው። በመጨረሻ የመሸገባት የእሳት ማጥፊያ ዕቃዎች ማስቀመጫ፣ ትንሽ የጡብ ቤት፣ እስከ ዛሬ አለች። ብራውን ተማርኮ በዚያው ዓመት በስቅላት ተቀጣ። ቤቷም ለ1893ቱ የቺካጎ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ፈርሳ ተወስዳ ነበር፤ በኋላ ተመልሳ መጣች። በ1906 እነ ደብሊው. ኢ. ቢ. ዱ ቦይስ የመሠረቱት፣ ለጥቁሮች እኩል መብት የሚታገለው የናያግራ ንቅናቄ አባላት ለጉባኤ ሃርፐርስ ፌሪ ሲሰበሰቡ ወደዚህች ቤት በእግራቸው ሄዱ፤ ሲደርሱም ጫማቸውን አወለቁ።

እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን መጥታ ስለነበር አብራን ናት። ጫማ ስለ ማውለቃቸው ስተረጉምላት ቆም ብላ ቤቷን አየቻት። «ይገባዋል እኮ ልጄ፤ ደም የፈሰሰበት ነው» አለችና ጎንበስ ብላ የራሷን ጫማ መፍታት ጀመረች። እኔና ልጄም ተከተልናት። ፒኑን የገዛሁት ከዚያ በኋላ ነው። ቦታው አንድ ነገር ሳይነግረኝ ፒኑን አለመግዛት የሚለው ልማድ የተተከለው ያን ቀን ነው።

አንዱ ቦታ ሌላውን ይጠራል። በ1881 ባርነትን በመታገል የታወቀው ፍሬድሪክ ዳግላስ ሃርፐርስ ፌሪ መጥቶ ስለ ጆን ብራውን ንግግር አድርጓል፤ ስለዚህ ቀጥሎ የሄድነው ዋሽንግተን ውስጥ አናኮስቲያ ወደሚገኘው የዳግላስ ቤት፣ ሲዳር ሂል፣ ሆነ። በባርነት ተወልዶ በ1838 ያመለጠ ሰው በ1877 ኮረብታ ላይ ያለ ቤት ገዝቶ፣ ከደጁ ሆኖ ዋና ከተማዋን ቁልቁል ያያት ነበር። ቤቱ ከነመጻሕፍቱ የቆየልን እሱ በ1895 ሲሞት ባለቤቱ ሔለን ፒትስ ዳግላስ እንዲጠበቅ ስለደከመች ነው። ዳግላስ የተወለደው በሜሪላንድ ምሥራቃዊ ዳርቻ ነው፤ ሐሪየት ተብማንም እዚያው አካባቢ ነው የተወለደችው። በ1849 ከባርነት አምልጣ ራሷን ካዳነች በኋላ ወደ 13 ጊዜ ያህል እየተመለሰች 70 የሚሆኑ ሰዎችን አውጥታለች። ቸርች ክሪክ የሚገኘውን የእሷን ፓርክ ስትጎበኙ ረግረጉን ዝም ብላችሁ ተመልከቱት፤ በሌሊት፣ በብርድ፣ በዚያ ውኃ ውስጥ ሰው እየመራች ማለፏን ስታስቡ ሙዚየሙ ከሚነግራችሁ የበለጠ ይገባችኋል። ሦስቱ ፒኖች ሰሌዳዬ ላይ ጎን ለጎን ናቸው። በክፍለ ግዛት ወይም በፊደል ተራ ደርድሬ ቢሆን ኖሮ ይህ ዝምድና አይታይም ነበር።

ፒኑ ራሱ የማይናገረውም አለ። ቨርጂኒያ ውስጥ ያለውን የሸናንዶዋ ፓርክ ውሰዱ። ፒኔ ላይ ያለው ጥቁር ድብና ሰማያዊ ተራራ ነው፤ እውነትም 105 ማይል የሚረዝመውን የስካይላይን ድራይቭ መንገድ በመጸው የነዳ ሰው ውበቱን አይረሳም። ነገር ግን ፓርኩ በ1935 ሲቋቋም በመቶዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ከተራራው ተነሥተዋል። ሉዊስ ማውንቴን የሚባለው የሽርሽርና የድንኳን ሥፍራም መጀመሪያ ለጥቁሮች ብቻ ተለይቶ የተከፈተ ነበር። ስለዚህ ከየፒኑ ኋላ ትንሽ ካርድ አስገባለሁ፦ የሄድንበት ቀን፣ አብሮን የነበረ ሰው፣ ሥዕሉ ያልነገረው አንድ ነገር። ከፒኖቹ ይልቅ ካርዶቹን ነው የምሳሳላቸው።

አሁን ወደ ግዢው። ዋጋው ብዙውን ጊዜ ከ10 ዶላር በታች ነው። በጎብኚዎች ማዕከል ውስጥ ያሉት መሸጫዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚተዳደሩት ፓርኩን በሚደግፉ ለትርፍ ያልቆሙ ማኅበራት ስለሆነ፣ ገንዘባችሁ ተመልሶ ለቦታው ይጠቅማል። ከበር ውጭ ካለው ሱቅ ይልቅ እዚያ ግዙ። መዝጊያ ሰዓቱን መጀመሪያ ጠይቁ፤ መሸጫው ከመንገዱና ከሜዳው ቀድሞ ይዘጋል። ስሙ ብቻ ተቀይሮ በየፓርኩ የሚሸጥ አንድ ዓይነት ሥዕል አለ፤ እሱን እለፉት። ጣታችሁን ፒኑ ላይ አሂዱ፦ ቀለሙ ከብረቱ ጋር እኩል ሆኖ ልስልስ ካለ ጠንካራው ዓይነት ነው፤ የብረቱ ጠርዝ ጣት የሚነካ ከሆነ ደግሞ ቀለሙ ጎድጎድ ባለው ውስጥ የተሞላው ለስላሳው ዓይነት ነው። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ቶሎ አይጫርም። ባርኔጣ ወይም ቦርሳ ላይ የምታደርጉ ከሆነ፣ የቢራቢሮ ክንፍ የሚመስለውን መያዣ በሚቆለፍ ለውጡት፤ አለበለዚያ መንገድ ላይ ይቀራል። ፒን ላይ ቀን ስለማይጻፍ፣ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ የሚሸጠውን፣ የፓርኮች ፓስፖርት የሚባለውን ትንሽ መጽሐፍም ያዙ። የቦታው ስምና ዕለቱ ያለበት ማኅተም በነጻ ይመታበታል፤ መሸጫ የሌላቸው ትናንሽ ቦታዎች ስትሄዱ ደግሞ ብቸኛ ማስታወሻችሁ እሱ ሊሆን ይችላል።

ሰሌዳው ጥቁር ጨርቅ የለበሰ ቡሽ ነው። ፀሐይ በቀጥታ የማያገኘው ግድግዳ ላይ ነው የሰቀልኩት።

ይህን ሁሉ ስሠራ አገር ቤትን አለማሰብ አልቻልኩም። የሰሜን ተራሮች ፓርክና የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች ውስጥ ናቸው። መስቀል በዚያ ጥበብ የሚሠሩ እጆች ያሉበት አገር ዋልያን፣ ጭላዳን፣ ቤተ ጊዮርጊስን በአንዲት ትንሽ ብረት ላይ ለመቅረጽ ምን ያንሰዋል? በየቦታው መግቢያ ላይ ቢሸጥ ለሠራተኛው እንጀራ፣ ለጎብኚው ማስታወሻ ይሆናል። ዋልያዋን ሰሌዳዬ መሐል ላይ ነበር የማደርጋት።

ለመጪው በጋ ልጄ ካርታ ዘርግቶ እየለካ ነው። ዳግላስ አምልጦ ኑሮ የጀመረባት ኒው ቤድፎርድ ማሳቹሴትስ ውስጥ ናት። የዓሣ ነባሪ አዳኞቹን ታሪክ የሚጠብቅ ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክም አላት። መንገዱ ረጅም ነው፤ ስለዚህ ፊላዴልፊያ አድረን፣ የነጻነት ደወሉን አይተን በማግስቱ እንቀጥላለን።