ፎርሙ ላይ ጭስ የለም

የአካባቢ ጤና ባለሙያ ነኝ። ድሮ ሳኒታሪያን ይሉን ነበር። ብዙ ሰው ሥራችን ሽንት ቤት መቁጠር ይመስለዋል። እውነት ነው፣ እንቆጥራለን። ያን ሚያዝያ ግን የወጣነው ምድጃ ልንቆጥር ነበር።

ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ በኩል፣ እንጀራ እየጋገሩ የሚሸጡ እናቶች ዘንድ። ምርጥ ምድጃ ከታደለ ሁለት ወር ሆኖታል፤ የሄድነው ለክትትል ነው። እኔ ደግሞ ደረቴን ነፍቻለሁ። ጭስ የምትለካ ትንሽ ማሽን ከወዳጄ ተውሼ ነበር።

የመጀመሪያዋ እናት ጓዳ ምድጃው ተተክሏል። ምድጃው ጥሩ ነው፤ ማገዶ በግማሽ ያህል ይቆጥባል። ከዘጌ በታንኳ የሚመጣ እንጨት ለሚገዛ ሰው ይህ ቀላል አይደለም። ግን ይኸኛው የጭስ ማውጫ ቱቦ የለውም። ጭሱ ከኋላው ወጥቶ እዚያው ክፍል ውስጥ ይቀራል። ክፍሉ ደግሞ መስኮት የለውም። ማሽኗ አራት አሃዝ አወጣች። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ለደቃቁ ብናኝ ያስቀመጠው የ24 ሰዓት አማካይ ጣሪያ 15 ማይክሮግራም በሜትር ኩብ ነው። የአንድ አፍታ ልክ ከቀን አማካይ ጋር እኩል አይታይም፣ ይገባኛል። ቢሆንም አራት አሃዝ አራት አሃዝ ነው። ሴትዮዋ ሳል እያቋረጣቸው አወሩኝ። እኔም "ምድጃ አለ" በሚለው ሥር ራይት አድርጌ ወጣሁ።

ጎረቤታቸው ምድጃውን አልወሰዱም። "ከተተከለ አይነሳ፤ እኔ ነፋሱን እያየሁ ነው የምጋግር" አሉኝ። ጉልቻቸውን ማንጎ ዛፍ ሥር አውጥተዋል። ከጣና የሚመጣው ነፋስ ጭሱን ጠርጎ ይወስደዋል። ማሽኗን አጠገባቸው ባስቀምጣት ሁለት አሃዝ ላይ ቀረች። እኔ ግን ትምህርቴን አልተውኩም። ጭስ ሳል ብቻ አይደለም፤ ልብ ነው፣ ስትሮክ ነው፣ ዕድሜ ልክ የማይለቅ የሳንባ ሕመም ነው፣ የዓይን ሞራ ነው አልኳቸው። አክንባሎውን እየከደኑ፣ እየከፈቱ ሰሙኝ። ከዚያ ፎርሙን ሞላሁ።

"ልጄ፣ ይቺ ኤክስ ምንድን ናት?"

"ምድጃ የለዎትም ማለት ነው፣ እማማ።"

"ለዚያችስ?" በአገጫቸው ወደ ጎረቤት ጠቆሙ።

"እሳቸው ራይት ነው።"

"ስታስል አልሰማሃትም?"

"ሰምቻለሁ።"

"ታዲያ ጭሱን የት ጻፍኸው?"

ፎርሙን አገላበጥሁ። የምሬን ነው የፈለግሁት። የቤት ቁጥር አለ። የቤተሰብ ብዛት አለ። በሳምንት ስንት ቀን ይጋገራል የሚልም አለ።

"ጭስ አልተጠየቀም፣ እማማ።"

ሳቁ። ቢሰድቡኝ እስካሁን እረሳው ነበር፤ የሚከነክነኝ ሳቃቸው ነው።

ቢሮ ተመልሼ ለኃላፊያችን ነገርኳቸው። ቢያንስ መስኮት አለ ወይ ብለን እንጠይቅ አልኩ።

"ያደልነው ምድጃ ነው" አሉኝ። "መስኮት አላደልንም።"

ሪፖርቱ ላይ እማማ "ለመቀበል ፈቃደኛ ያልሆኑ" በሚለው ረድፍ ገቡ። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ ቡና በተፈላበት ሁሉ ይህን ታሪክ አወራለሁ። ማንጎ ዛፍ ምድጃ አሸነፈ እላለሁ። ሰው ይስቃል። ለራሴ ትልቅ ነገር የደረስኩበት ይመስለኝ ነበር።

ሐምሌ ላይ በዚያው ሰፈር አለፍኩ። የባሕር ዳር ዝናብ መቼም ይታወቃል። ማንጎው ሥር ማንም የለም፤ ውሃ ብቻ። እማማ ጓዳ ገብተዋል፣ ጉልቻውም አብሮ። በሩ ላይ ቆሜ ፊታቸውን ማየት አቃተኝ።

"መጣህ? በል አሁን ምድጃህን አምጣት።"

"አልቋል፣ እማማ። ደግሞ እምቢ ብለዋል ተብሎ ተመዝግቧል።"

"ማነው የመዘገበ?"

ልመልስ ስል ሳል ያዘኝ። ዓይኔን እያሸሁ ትንሽ ቆየሁ። እሳቸው ምጣዱን አሰሱ፣ ሊጥ ጨመሩ፣ ከደኑ።

"ያቺን ማሽንህን ዛሬ አላመጣሃትም?"

"የውሰት ነበረች" አልኳቸው። "መልሻታለሁ።"