«ቆሞ» የምትለዋ ቃል

ጄኔቭ ለስብሰባ የሚመጡ ያገሬ ሰዎች እሑድ ትርፍ ቀን ካገኙ «ሻሞኒ ካልወሰድከን» ይላሉ፤ የአልፕስ ቁንጮ ከሆነው ከሞንብላን ተራራ ሥር ያለች የፈረንሳይ ከተማ ናት። ቅዳሜና እሑድ የምሠራበት አስጎብኚ ድርጅት ደግሞ በአማርኛ የሚያስረዳ ሲፈልግ የሚደውለው ለእኔ ነው። መንገዱ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ይበልጣል፤ የፈረንሳይን ድንበር ተሻግሮ የአርቭን ወንዝ ተከትሎ ሽቅብ ነው። ሥራው አይከብድም። ከእኔ በፊት የነበረው ልጅ የተወው አራት ገጽ ጽሑፍ አለ፤ እሱን ሸምድዶ ማይክ ጨብጦ መለፍለፍ ነው። ሦስት ዓመት ለፈለፍኩ።

የጽሑፉ ማሳመሪያ ግጥም ነበር። ሰርቮዝ የምትባለው መንደር ስንቃረብ ድምፄን ዝቅ አድርጌ እጀምራለሁ፦ «እንግሊዛዊው ባለቅኔ ሳሙኤል ቴይለር ኮልሪጅ እ.ኤ.አ. በ1802 ጎህ ሳይቀድ እዚህ አርቭ ድልድይ ላይ ቆሞ፣ ሞንብላንን ሽቅብ እያየ...» ከዚያ ራሴ የተረጎምኳቸው ስንኞች ይከተላሉ። «የንጋቱን ኮከብ ከጉዞው የምታስቆምበት ድግምት አለህ ወይ?» ብሎ ተራራውን ይጠይቀዋል። ወረድ ይልና ጥያቄውን ይደረድራል፦ ፀሐይ የማያየውን ምሰሶህን ከምድር ሆድ ማን ተከለው? የማይነጥፉ ምንጮች አባት ማን አደረገህ? የሚወርደውን ማዕበል «እዚህ ጋ ርጋ» ያለው ማነው? መልሱ አንድ ነው፤ እግዚአብሔር። ጎርፉም፣ የበረዶው ግግርም፣ የጥዱ ሽውሽውታም ይህንኑ እንዲያስተጋቡ ያዛል። እዚህ ላይ ሁሌ ይጨበጨብልኛል።

ያን እሑድ አሥራ አራት ሰው ይዤ ነበር። ዝናብ ያካፋል። ግጥሙን ስጨርስ ከፊት የተቀመጡ እናት «ይሄ'ኮ ዳዊት ነው! ‹ተራሮችና ኮረብቶች ሁሉ› የሚለውን ነው ያነበብክልን» አሉና መኪናው ሳቀ። እኔም ደስ አለኝ። ከኋላ ወንበር ላይ ግን ሁሉም «ጋሼ» የሚሏቸው አንድ ሽማግሌ፣ ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ መምህር፣ አላጨበጨቡም።

ሻሞኒ ስንወርድ ተራራ የለም። ደመናው ከጣሪያዎቹ ትንሽ ከፍ ብሎ ተዘርግቷል፤ ሞንብላን ከ4,800 ሜትር በላይ ነው ብዬ የነገርኳቸው ሁሉ ከላዩ ቀርቷል። «ከራስ ዳሸን ይበልጣል?» አለኝ አንድ ወጣት፤ ይህን ያልጠየቀኝ ሐበሻ የለም። በ250 ሜትር ገደማ ይበልጣል። ከተማዋ ራሷ ግን ከባሕር ወለል 1,035 ሜትር ላይ ናት፤ አዲስ አበባ ከእጥፍ በላይ ትበልጣታለች ስላቸው ብርዱ የቀነሰላቸው መሰለኝ።

ሌላው ሰው ቡና ፍለጋ ሲበታተን ጋሼ ቀረት አሉ። «ልጄ፣ ያችን ወረቀት ታሳየኛለህ?» ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አደረጉ፣ ከደረት ኪሳቸው እስክሪብቶ አወጡና አንዲት ቃል ከበቡ። «ቆሞ» የምትለዋን።

«አልቆመም» አሉኝ። «እዚህ ሸለቆ እግሩ አልረገጠም።»

ሰው ፊት ቢነግሩኝ ምን ይውጠኝ ነበር?

አጥር ተደግፈን፣ ደመናው እስኪገለጥ በሚል ሰበብ፣ ሃያ ደቂቃ ያህል አስተማሩኝ። ኮልሪጅ በዚያ ዓመት ኦገስት ላይ የወጣው ስካፌልን ነው፤ እንግሊዝ አገር ያለ፣ 1,000 ሜትር እንኳ የማይሞላ ተራራ። እዚያ ላይ ሳለ በመዝሙረ ዳዊት አኳኋን የምስጋና ዝማሬ ሳያስበው እንደፈሰሰለት፣ ኋላ ግን ሐሳቡ ለአገሩ ትሑት ተራሮች እንደበዛባቸው ለወዳጁ በደብዳቤ ጻፈ። ስለዚህ ሞንብላንን አለበሰው። ግጥሙ ሴፕቴምበር 11 ቀን 1802 ሞርኒንግ ፖስት በተባለው የለንደን ጋዜጣ ወጣ። አናቱ ላይም የሸለቆውን መግለጫ ጨመረበት፤ ከበረዶው ግግር ጥቂት እርምጃ ርቆ የሚበቅለውን ሰማያዊ አበባ ሳይቀር።

«ታዲያ አበባውን ከየት አመጣው?» አልኩ።

«ያየ ሰው ነግሮት።» ያየችው ፍሪደሪከ ብሩን ናት፤ በጀርመንኛ የምትጽፍ፣ ዴንማርክ የኖረች ባለቅኔ። እሷ ሻሞኒን በ1791 ጎብኝታ ፀሐይ ስትወጣ የሚታየውን በሃያ ስንኝ ገጥማለች። የንጋት ኮከቡ፣ ምሰሶው፣ «ማን?» እያለ የሚደረደረው ጥያቄ፣ በመጨረሻ በረዶው ሲሰነጠቅ «ያህዌ!» የሚለው፣ ሁሉም እሷ ዘንድ አለ። ኮልሪጅ 85 ስንኝ አደረገው፤ ስሟን ግን አላነሳም። ነገሩን ያወጣው እሱ በሞተበት ዓመት፣ በ1834፣ እንግሊዛዊው ጸሐፊ ቶማስ ደ ኩዊንሲ ነው።

«ሌባ ነበራ!» አልኩ፤ የራሴን ጥፋት ለማቅለል ሳይሆን አይቀርም።

ጋሼ ፊታቸው ጠቆር አለ። ግጥሙን ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያስተምሩት ኖረዋል። «‹የማይንቀሳቀሱ ጎርፎች፣ ዝም ያሉ ፏፏቴዎች› ይላል አይደል ስለ በረዶው ግግር? ብሩን ላይ ፈልግ፣ አታገኘውም። የራሱ ነው። ግጥሙ አልዋሸህም ልጄ፤ ቆሞ አየሁ ማለቱ ነው የዋሸው።» ቀጥለውም የጽሑፉ ባለቤት የት ላይ እንደተደናገረ ነገሩኝ። አርቭ ድልድይ ላይ ሆኖ ወንዙንና ተራራውን አይቶ «ሞንብላን» የሚለውን ግጥም የፀነሰው ሌላው እንግሊዛዊ ባለቅኔ ፐርሲ ሼሊ ነው፤ የመጣውም በጁላይ 1816፣ ከ14 ዓመት በኋላ። ያውም ኮልሪጅ «በዚህ የተአምር ሸለቆ ሆኖ ማን ነው እግዚአብሔር የለም የሚል?» ብሎ ሲጽፍ፣ ሼሊ ሆቴል መዝገብ ላይ በግሪክኛ እግዚአብሔርን የማያምን ነኝ ብሎ ፈረመ። ልጁ ሁለቱን ሰዎች አንድ አድርጎ ሰፋቸው። እኔ ደግሞ ያን ሁሉ ዓመት ሳላጣራ ለበስኩት።

«ማይኩ ይሠራል አይደል?» አሉኝ ወረቀቱን ሲመልሱልኝ።

ስንመለስ ያው ማይክ ላይ ወጣሁ። ጠዋት የነገርኳችሁ ስሕተት ነው፣ ሰውየው ሻሞኒን አላያትም፣ ግጥሙም መነሻው የአንዲት ሴት ነው አልኩ። ምላሴ ተሳስሮብኝ ነበር። ጭብጨባ የለም። ፀጥ ካለ በኋላ እኚያው የፊት ወንበር እናት «እና እኛስ?» አሉ። «ቀኑን ሙሉ ደመና አይደል ያየነው? አገር ቤት ገብተን ሞንብላንን አየን ልንል ነው?» ሳቅ ሆነ።

ከኋላዬ ያ የራስ ዳሸን ወጣት ከሱቅ የገዛውን ባለ ሞንብላን ፖስትካርድ ከመስኮቱ ጋር አስጠግቶ፣ ጠርዙ እንዳይታይ በጣቱ እየሸፈነ፣ በስልኩ ያነሳዋል። ከሥሩ ሲጽፍ በትከሻው ላይ አየሁ፦ «ሞንብላን ፊት ለፊት ቆሜ።» ዞር ስል ጋሼም አይተውታል። እጃቸው ወደ ደረት ኪሳቸው፣ ወደ እስክሪብቶዋ፣ ሄደና ተመለሰ።